ከውጭ የሚዘጋ በር

ሬሳው ቁጭ ብሎ ነው የተገኘው። ጀርባውን ከልብስ መቀየሪያው ክፍል የብረት ቁም ሳጥን ላይ አስደግፎ፣ እግሮቹን ዘርግቶ፣ ከንፈሩ ላይ ወተት ደርቆበት። አጠገቡ ጥጉ የተቀደደ የወተት ላስቲክ ወድቋል።

ኢንስፔክተር ፌኔት ደበላ ጎንበስ ብላ ላስቲኩን አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

"ፀረ ተባይ" አለች።

"የበረሮ መግደያው ነው" አለ ከኋላዋ የቆመው የፈረቃ ኃላፊ። "እዚህ ግቢ ውስጥ እሱ ያለው ወተት መጋዘኑ ውስጥ ብቻ ነው። ቁልፉ ደግሞ አንዲት ሴት እጅ ላይ ነው። እህት፣ ነገሩ ብዙ የሚያመራምር አይመስለኝም።"

"እህትህ የት እንዳለች አላውቅም። እኔ ኢንስፔክተር ነኝ። ስምህ?"

"ጌዲዮን።"

"ጌዲዮን፣ ሳልጠይቅህ የመለስከውን ጽፌዋለሁ። አሁን ስጠይቅህ መልስ። ሟቹ ማነው?"

ሟቹ ገብረጻድቅ ነው፤ አርባ ስምንት ዓመቱ። ፋብሪካው ቃሊቲ ውስጥ ለሆስፒታል የሚሆን አንሶላና ጭምብል ጀርም እንዳይዝ በመዳብ ዱቄት ይቀባል፤ ዱቄቱን የሚያዋህደው እሱ ነበር። ዱቄቱ ከፀጉር ውፍረት በሺህ እጅ ያንሳል። ሠራተኛው "ናኖው" ይለዋል፤ የጎረቤት ስም እንደሚጠራ። እናም በየቀኑ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሊትር ወተት ይታደላል። ወተት ደረት ያጥባል ተብሎ። ሐኪም ያዘዘው አይደለም። ድሮ ከቀለም ፋብሪካዎች የመጣ ልማድ ነው፤ አለቆቹ ግን ወደውታል፤ ሠራተኛው ወተቱን እንደጠጣ የሚፈረምበት ወረቀት አለ፤ "ለጤናቸው ምን አደረጋችሁ?" ሲባሉ እሱን ያወጣሉ።

ሳጅን ነቢዩ የሟቹን እጆች ገልብጦ አሳያት። የሁለቱም እጅ አንጓዎች ተልጠዋል።

"ሲወድቅ ይሆናል" አለ ጌዲዮን።

"ቁጭ ብሎ የሞተ ሰው በሁለት ቡጢው ይወድቃል?"

ጌዲዮን ትከሻውን ነቀነቀ። ሬሳውን ከምሳ ሲመለስ ያገኘው ሀይረዲን የሚባል የማሸጊያ ክፍል ልጅ ነው፤ ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ። በር ላይ ቆሞ "ጋሽ ገብሬ" እያለ ይጠራዋል።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ወተት አዳይዋ ዳሲቱ ተያዘች። የበረሮ መግደያው ጠርሙስ ከመጋዘኗ መደርደሪያ ላይ ተገኘ፤ ክዳኑ ላልቶ። ሰኞ ዕለት ከሟቹ ጋር ሲጯጯሁ ስልሳ ሰው ሰምቷል። አዛዡ በስልክ አጭር ነበር፦

"ሆስፒታሉ የአስከሬኑን ውጤት ከሦስት ሳምንት በፊት አልሰጥም ብሏል። ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤት አቅርቢያት፤ አሥራ አራት ቀን እንጠይቅባት። ሌላ ነገር ካገኘሽ ከሐሙስ በፊት አግኚ።"

*

"ሌንሳን ማን ያመጣታል?" አለች ዳሲቱ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል።

"ሌንሳ ማናት?"

"ልጄ ናት። አንደኛ ክፍል ናት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይለቋታል።"

ፌኔት ስልኳን ገፋችላት። ዳሲቱ ገላን ኮንዶሚኒየም ላለችው ጎረቤቷ ለሳፊያ ደወለች፤ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" አለቻት። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ስልኩን መለሰች።

"ሰኞ ከገብረጻድቅ ጋር በምን ተጣላችሁ?"

"በወተት።"

"ወተቱ ምን ሆነ?"

"ዘግይቶ መጣ። በቃ።"

"ዛሬስ ጠጣ?"

"ጠጣ።"

"አይተሻል?"

"እፊቴ ካልጠጣ አልፈርምለትም። ደንቡ ነው።"

"ዳሲቱ፣ የደንቡን አልጠየቅኩሽም። ከእጅሽ የተቀበለውን ጠጣ ካልሽ፣ የገደለው ያንቺ ወተት ነው ማለት ነው። ገባሽ?"

"መርዝ አላደረግኩም።"

"እሺ፣ ጠጣ የሚለውን ትተይዋለሽ?"

ዳሲቱ ግድግዳውን አየች። ከዚያ መስኮቱን፤ ፍርግርግ ነው። ከዚያ ተመልሳ ግድግዳውን።

"ጠጣ" አለች። "ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረ ይሰናበታል። ሐሙስ ትለቁኛላችሁ?"

ፌኔት ብዙ ውሸታም አይታለች። ውሸት ሰውን ከእስር ለማውጣት ነው የሚዋሸው። ራሷን የሚያሳስር ውሸት የያዘች ሴት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

*

ነቢዩ ሌላ ሰው አገኘ። ዱቄት ክፍል የሚሠሩት ሁለት ናቸው፤ ገብረጻድቅና ቢራ የሚባል ወጣት። ቢራ ያን ቀን ከሥራ ቀርቷል፤ ስልኩም ተዘግቷል።

"ገድሎ የጠፋ ሰው!" አለ ነቢዩ፣ መኪናውን እያስነሳ።

አቃቂ ጤና ጣቢያ አገኙት። ከሰኞ ጀምሮ ተኝቷል። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ አሳሳሉ ግን የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነው። አፍንጫው ላይ ያለውን ቱቦ ሳያነሳ፣ "ጋሽ ገብሬ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። ነቢዩ ኮፍያውን አወለቀ። ያን ዕለት ከዚህ በላይ ጥያቄ አልጠየቁትም።

ጌዲዮን ደግሞ እንደ ብረት የጠነከረ ምስክር ነበረው። ጠረጴዛው በመስታወት ግድግዳ በኩል ማሽን ለሚጮኽበት የማሸጊያ አዳራሽ፣ ለሠላሳ ሴቶች፣ ይታያል። ከላዩ ካሜራ አለ፤ ድምፅ የማይቀዳ፣ ጠረጴዛውን ብቻ የሚያሳይ። ፌኔት ሁለቱን ሰዓት ሙሉ አየችው። ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ከወንበሩ አልተነሳም። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ሁሉም ወደ ምሳ ሄደ፤ እሱም ተነስቶ ከካሜራው ወጣ።

"ሽንት ቤት እንኳ አልሄድክም?"

"ሥራዬን እወዳለሁ።"

"ገብረጻድቅ ዱቄት ክፍል ገብቶ ነበር?"

"ዛሬ ክፍሉ አልሠራም። አየር መሳቢያው ተበላሽቷል። ሰውየው ወተቱን ይዞ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ነው የዋለው። ሥራ ፈቶ።"

"ታዲያ አለቃው አንተ ነህ፤ ሥራ ፈቶ ሲውል ዝም አልከው?"

ጌዲዮን ፈገግ አለ። "ደግ አለቃ ነኝ፣ ኢንስፔክተር።"

*

ረቡዕ ጠዋት ፌኔት አቃቂ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ከተተከለው ድንኳን ገባች። የሟቹ ሚስት አስካለማርያም ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ፌኔት አጠገቧ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና እንደ ወጉ ዝም አለች። ከዚያ፦

"እትዬ አስካለ፣ ማክሰኞ ምሳ ምን ቋጥረውለት ነበር?"

"ምስር።"

"ማክሰኞ?"

"ጽጌ ናት እኮ።"

ፌኔት ብዕሯን አቆመች። "የጽጌ ጾም የፈቃድ አይደለም እንዴ? ብዙ ሰው አይጾመውም።"

"የፈቃድ ናት። ለዚህ ነው ለማንም የማይናገራት። ጾም ሲወራ ይፈርሳል ይላል። ሃያ ዓመት ከእኔ በቀር ያወቀበት የለም።"

"በጽጌ ወተት ይጠጣል?"

"ገብረጻድቅ? ሞቶ እንኳ!" አለች አስካለማርያም፤ አፏ የተናገረውን ጆሮዋ ሲሰማ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ፌኔት ከድንኳኑ ስትወጣ ነቢዩ ባጃጅ ላይ ተደግፎ ይጠብቃል።

"ከንፈሩ ላይ ወተቱን ያደረገው ሌላ ሰው ነው" አለችው። "ማክሰኞ መሆኑን አስልቷል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ኖሮ በሌላ ያደርገው ነበር። ጾም የሚያውቅ ሰው ነው። ይሄን ሰውዬ ግን አላወቀውም።"

"እና የገብረጻድቅን ወተት ማን ጠጣው?"

"ጥሩ ጥያቄ ነው። ባጃጁን ልቀቀውና እንሂድ።"

*

ሟቹን "ጋሽ ገብሬ" እያለ ሲጠራ የነበረውን ሀይረዲንን ከማሸጊያው አዳራሽ አውጥታ ግቢው ውስጥ ከቆመ ኮንቴይነር ጀርባ አቆመችው።

"ማክሰኞ ስንት ወተት ጠጣህ?"

"አንድ።"

"ሀይረዲን፣ ዳሲቱ ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።"

ልጁ መሬቱን በጫማው ጫረ። "ሁለት" አለ። "የጋሽ ገብሬን ጨምሮ። እሱ ጾም ላይ ሲሆን እኔ እጠጣለታለሁ፤ ረመዳን ሲመጣ እሱ የእኔን ይጠጣል። አምና ግን ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጠሙና ወተቱ ዳሲቱ ላይ ተከመረባት። ሰኞ ከጋሽ ገብሬ ጋር የተጣላችው ያንን አንስታ ነው። 'እናንተ ትጾማላችሁ፣ እኔ እባረራለሁ' ብላ ጮኸች።"

"ለምን ትባረራለች?"

"ወተት ማስተላለፍ ክልክል ነዋ! እፊቷ ካልተጠጣ ፊርማው ውሸት ነው። ፊርማው ውሸት ከሆነ ደግሞ ሦስታችንም ሥራ የለንም።"

"የእሱን ወተት ጠጥተህ ምን ሆንክ?"

"ምንም። ወፈርኩ።" ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። "ኢንስፔክተር፣ ይሄን ከጻፉት እኔ ሥራ የለኝም።"

"ካልጻፍኩት እሷ ነፃነት የላትም። አንተ ምረጥልኝ።"

ሀይረዲን ወደ ማሸጊያው አዳራሽ አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋና ብዕሩን ተቀበላት።

ከዚያ ፌኔት ወደ ማረፊያ ቤት ሄደች። ዳሲቱ በፍርግርጉ በኩል ስታያት ተነሳች።

"ሀይረዲን ፈርሟል" አለቻት ፌኔት። "ገብረጻድቅ አልጠጣም። አሁን የምትጠብቂው ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ማክሰኞ የቢራ ወተት የት ሄደ? ቢራ አልመጣም።"

ዳሲቱ ግንባሯን ብረቱ ላይ አሳረፈች። "ጌዲዮን ወሰደው። 'ለቤት' አለኝ። አለቃን እፊቴ ጠጣ አይባልም።"

*

ከሰዓት በኋላ ከአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ከውሲ የምትባል ባለሙያ መጣች። መነጽሯን እየጠረገች የዱቄት ክፍሉን በር አየችውና ቶሎ ወደ ውስጥ አልገባችም።

"ይሄን ክፍል አውቀዋለሁ" አለች። "ከስድስት ወር በፊት ለክቼ 'አልፏል' ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

"አልፎ ነበር?"

"በሚዛን። የእኛ መሣሪያ አቧራን የሚለካው በክብደት ነው። ወሰኑ የወጣው ለሲሚንቶና ለጥጥ ብናኝ ነው። ይሄ ዱቄት ክፍሉን ሞልቶ፣ የሰው ሳንባ ጫፍ ድረስ ገብቶ፣ ሚዛን ላይ ስታስቀምጪው ምንም ነው። ፈቃዳቸው ላይም 'የጨርቅ ማጠናቀቂያ' ነው የሚለው። ናኖ የሚል ቃል የትም የለም። የሌለ ነገር እንዴት አግዳለሁ?"

"እና ፈረምሽ።"

"ፈረምኩ" አለች ከውሲ።

በሩ ወፍራም ቆርቆሮ ነው። መወርወሪያው ከውጭ ነው። በሩ ሳይታሰብ ከተከፈተ ዱቄቱ አዳራሹን ይሞላዋል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ሲገባ ከውጭ ይቀረቀርበታል፤ ዱቄቱ ረግቶ እስኪቀመጥ፣ አርባ ደቂቃ ያህል። ሲጨርስ ያንኳኳል፤ አለቃው ይከፍታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ይሄ ልክ አይደለም ያለ ሰው አልነበረም። እስከ ሰኞ።

ውስጡ ከመኝታ ቤት ይጠብባል። ማዋሃጃው፣ ጥግ ላይ የጋዝ ሲሊንደር፣ ጣሪያው ላይ አየር መሳቢያው። ከውሲ የሲሊንደሩን መለኪያ አንኳኳች።

"ናይትሮጅን ነው። ይሄ ዱቄት አየር ሲነካው ሊነድ ይችላል፤ ለዚያ ነው ማዋሃጃው ውስጥ የሚለቁት። የተተከለው መቼ ነው?"

ነቢዩ ሲሊንደሩ ላይ የታሰረውን ወረቀት አነበበ። "ሰኞ።"

"ባዶ ነው። ማክሰኞ አልሠራም የተባለ ክፍል ሲሊንደር አይጨርስም።" ከውሲ ወደ ጣሪያው አየች። "መሳቢያው ሲሠራ ጋዙን ይስበዋል። መሳቢያው ከቆመ ክፍሉ ውስጥ ይከማቻል። ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም። ራስሽን ያዞርሻል፣ ጉልበትሽ ይከዳሻል። አየር እየሳብሽ ትሞቻለሽ።"

ፌኔት ከበሩ ጀርባ ቆርቆሮውን በባትሪ አበራች። ደረት ከፍታ ላይ ትናንሽ ስርጉዶች አሉ፤ ብዙ ናቸው፤ ተጠጋግተዋል። አንዳንዶቹ ላይ የደረቀ ቡናማ ነገር አለ።

"ነቢዩ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የጌዲዮን ወንበር ላይ ተቀመጥ። ከውሲ፣ ጋዙ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን አረጋግጪልኝ። ከዚያ ዝጉብኝ።"

"ምን?" አለ ነቢዩ።

"ከወንበሩ ሳትነሳ የምትሰማውን ትነግረኛለህ። ስታበቃ ትከፍትልኛለህ።"

መወርወሪያው ተወረወረ። ድምፁ ከውጭ ሲሰማ ቀላል ነበር፤ ከውስጥ አጥንት ውስጥ ይገባል። መስኮት የለም። አምፖሏ ቢጫ ናት። ፌኔት ያደገችው እዚሁ ቃሊቲ ነው፤ ይሄ ፋብሪካ የቆመበት መሬት ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ በር የለውም። አሁን እጇን ብትዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ ትነካለች። ሦስት ጊዜ አንኳኳች። ጠበቀች። በቡጢዋ ደበደበች። ጠበቀች። ማንም እንዲሰማት ፈልጋ ሳይሆን፣ ሳታስበው፣ ጮኸች።

በሩ ሲከፈት ነቢዩ ሳቁን አፍኖ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

"ስንት ሰዓት አቆየኸኝ?"

"ሁለት ደቂቃ፣ ኢንስፔክተር።"

"ሰማህ?"

"ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

*

ጌዲዮንን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚያው ጠረጴዛው ጋ አስቀመጡት። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ፌኔት አንዱን ተጫነችው። ዱቄት ክፍሉ ጣሪያ ላይ ተበላሽቷል የተባለው መሳቢያ ማጓራት ጀመረ።

"ጠጋኙ መጥቷል ልበል?" አለችው።

ጌዲዮን ወደ ጣሪያው ቀና አለ።

"ምስክርህ ጠንካራ ነው። አንዱንም አላፈርስብህም" አለች ፌኔት። "ሠላሳ ሴቶች አይተውሃል፤ ካሜራው አይቶሃል፤ እኔም አይቼሃለሁ። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ከወንበርህ አልተነሳህም። በሩ ከዚህ ሦስት እርምጃ ነው። ሰውየው እጁ እስኪላጥ አንኳኳ። አንተ አልተነሳህም። ወንጀልህ እሱ ነው፣ ጌዲዮን።"

"ሁልጊዜ ያንኳኳሉ" አለ ቀስ ብሎ። "ሁሉም። አርባ ደቂቃ የሚታገሥ የለም።"

"መሳቢያውን ለምን አጠፋኸው?"

"ዱቄቱን ይወስደዋላ! ግማሹን ጠጥቶ ወደ ውጭ ይተፋዋል። የታዘዝነውን አንሶላ በምን እንቅባ?"

"ገብረጻድቅ ግን ካልበራ አልገባም ብሏል።"

"ሰኞ። በሰው ፊት። ቢራ ታመመብኝ፣ መሳቢያ የሌለበት አልገባም፣ ሄጄ እከሳለሁ አለ።" ጌዲዮን ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። "ማክሰኞ በራለት፤ ገባ። ቀረቀርኩትና ተቀመጥኩ። ከዚያ አጠፋሁት። ሲያንኳኳ… ይማር ብዬ ነው። አንድ ቀን ይማር።"

"ምን ያህል አንኳኳ?"

"አልቆጠርኩም። ከዚያ ተወ። ሲተው፣ ልብ ገዛ ብዬ ነው ያሰብኩት።"

ከውሲ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"ስድስት ሰዓት ከፍተህ ሞቶ አገኘኸው" አለች ፌኔት። "ክፍሉ ገደለው ከተባለ ክፍሉ ይዘጋል። ስለዚህ ልብስ መቀየሪያው ድረስ ጎተትከው፤ መጋዘኑን በሁለተኛው ቁልፍህ ከፍተህ የበረሮ መግደያውን በቢራ ወተት ላይ ጨመርክ፤ በእሱ አፉን ቀባኸው፤ ዳሲቱን ሰጠኸን። እሷስ ምን በደለችህ?"

"ምንም። ሰው የሚያውቀው ቁልፍ እሷ ጋ ስለነበረ ነው። ግን በር መቀርቀር ነው ወንጀሉ? ማን ከለከለኝ? የትኛው ሕግ?" ጣቱን ወደ ከውሲ ዘረጋ። "እሷ መጥታ ለክታ አልፏል አላለችም?"

ከውሲ መነጽሯን አወለቀች።

"ስለ ዱቄቱ የሚናገር ሕግ የለም" አለች ፌኔት። "ሰው ስለ መግደል የሚናገር ግን አለ። እሱ የቆየ ነው። ተነስ።"

ጌዲዮን ወንበሩን ይዞ ትንሽ ቆየ። ነቢዩ በክንዱ አነሳው።

*

ሐሙስ ጠዋት ዳሲቱ ፍርድ ቤት አልቀረበችም። ሦስት ሰዓት ላይ ተፈታች። የጫማዋን ማሰሪያ መልሳ እያሰረች ሳለ ፌኔት ከከውሲ ጋር በስልክ ታወራ ነበር።

"ክፍሉ ይዘጋ ብዬ ለመሥሪያ ቤቴ አለቆች ጻፍኩላቸው" ትላለች ከውሲ። "'በየትኛው ወሰን ነው የሚታገደው?' ብለው መለሱልኝ። ወሰን የለውም። ረቂቁ ገና ነው። የእናንተ የፖሊስ እሸጋስ እስከ መቼ ይቆያል?"

"ማስረጃ ሰብስበን እስክንጨርስ። ዓርብ ይነሳል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ክፍሉ የእነሱ ነው።"

ፌኔት ስልኩን ዘጋች። ዳሲቱ ጠረጴዛው ፊት ቆማ ነበር።

"ወረቀት ጻፊልኝ" አለች።

"የምን ወረቀት?"

"በፖሊስ ተይዛ ነበር፣ ጥፋት የለባትም፣ የቀረችው ለዚህ ነው የሚል። ማክሰኞንም ቀሪ ብለው ቆጥረውብኛል፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው።"

"የወተቱን ነገር ደርሰውበታል። ይመልሱሻል?"

"ወተቱን ለሌላ ሰጡት። ለሳፊያ ደውለው ነግረዋታል፤ ከተፈታች ዛሬ ፈረቃ ላይ ትመዝገብ፣ ዓርብ ክፍሉ ሲከፈት ዱቄቱ ጋ ቦታ አለ ብለዋል። ቢራ ተኝቷል፣ ጋሽ ገብሬ የለም። ሰው ጎድሏቸዋል። ከገባሁ ፊርማውን ይተውታል፤ ሀይረዲንንም አይነኩትም።"

ፌኔት ብዕሩን አስቀመጠች። "ዳሲቱ፣ እኔ እዚያ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ነው የቆየሁት።"

"እኔ እዚህ ሁለት ቀን ቆየሁ።"

"አትግቢ።"

"እሺ። ክፍሉን የሚያዘጋ ወረቀት ካለሽ እሱን ጻፊልኝ። ይዤው ሄጄ በሩ ላይ እለጥፈዋለሁ። አለሽ?"

ፌኔት የጠረጴዛዋን መሳቢያ አልከፈተችም። ምን ምን ወረቀት እንዳላት ታውቃለች።

"ከሌለሽ ያንን ቶሎ ጨርሺልኝ" አለች ዳሲቱ። "የሰባት ሰዓቱ ፈረቃ እንዳያመልጠኝ።"

ፌኔት የአባቷን ስም ጠየቀቻት። ጻፈች። ማኅተሙን መታች።